ድርቅ ሲመጣ ደን ኃይሉን የት ያደርሰዋል? (ፀሐይ እኮ አልቀነሰችም)

ቅጠል ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። ስለ ሐሩር ደኖች አጭር ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሴ ድርቅ የደንን የኃይል አጠቃቀም እንዴት እንደሚለውጥ ነው። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ውሃ ቀነሰ፣ ፎቶሲንተሲስ ቀነሰ፣ ኃይል ቀነሰ፣ አለቀ። በአንድ ስላይድ ልገላገለው ነበር።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አማዞን በ2005ቱ ድርቅ ጊዜ ከሳተላይት ሲታይ ይበልጥ አረንጓዴ ሆኖ ነበር የሚል ጥናት አገኘሁ። ቀጥሎ ደግሞ በዚያው ድርቅ የተነሳ ደኑ ከ1.2 እስከ 1.6 ቢሊዮን ቶን ካርቦን አጣ የሚል ሌላ ጥናት መጣ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ደንና ስለ አንድ ዓመት ነው። እንዴት ነው አንድ ደን እየለመለመ የሚከሳው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ከዚህ በኋላም እንደዚያው እጠቀማለሁ።)

የዝናብ ልጅ፦
ሳተላይቱ መነጽር ያስፈልገዋል። ቀጣይ ጥያቄ።

ባለካልኩሌተር፦
እየቀለድክ ነው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም፣ እሱን ሌላ ሰው ይመልሰው። እኔ ከመነሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ቅጠል ቆጣሪ "ኃይል ቀነሰ" ያለችው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ድርቅ የሚወስደው ውሃ ነው እንጂ ፀሐይ አይደለም። እንዲያውም ደመናው ስለሚሳሳ ብዙ ጊዜ ደኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይጨምራል። ስለዚህ ኃይሉ በሽ ነው። መጠየቅ ያለበት ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ሰው ሁሉ ፎቶሲንተሲስ ፎቶሲንተሲስ ይላል። ደን ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ በፎቶሲንተሲስ ወደ ስኳር የሚለወጠው እኮ 1 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚበላው ትነት ነው። እርጥብ የሐሩር ደን ከጨረሩ ከሚያስቀረው ኃይል ከግማሽ በላዩ ውሃ ለማትነን ይውላል። ዛፍ ያልበዋል በሉት።

ትንሽ ሒሳብ። 1 ሊትር ውሃ ለማትነን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ያንኑ 1 ሊትር ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት 335 ኪሎጁል ይበቃል። ማትነን ከማፍላት 7 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። አሁን በቀን 300 ሊትር የሚያልበው ትልቅ ዛፍ አስቡ፣ ለግዙፍ ዛፍ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። 200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ 10 ደርድራችሁ 10 ሰዓት ሙሉ ሳታጠፏቸው ብትውሉ ማለት ነው። አንድ ዛፍ ብቻ! ያ ሁሉ ኃይል በእንፋሎት ውስጥ ተደብቆ ሽቅብ ይሄዳል፣ ከላይ ደመና ሲሆን ነው ተመልሶ ሙቀት የሚሆነው።

እንግዲህ ድርቁ ይምጣ። ዛፉ የቅጠሎቹን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ላቡ ይቆማል። ፀሐይዋ ግን ያው ናት። 10ሩ ማሞቂያ ወዴት ይሂድ? ቅጠሉን ያሞቀዋል፣ ቅጠሉ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀ ደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ውሃ ይጠማዋል፣ ስለዚህ ከቅጠሉ የሚመጥበት ጉልበት ይጨምራል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ተጠራጣሪው፦
ስሌቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ቅጠል በእርግጥ ያን ያህል ይሞቃል? ነፋስ የለም እንዴ?

ባለካልኩሌተር፦
ነፋስ አለ፣ ያግዛል፣ ትናንሽ ቅጠሎች ላይ በተለይ። ግን በጠራራ ፀሐይ ላቡን ያቆመ የደን አናት ቅጠል ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በ2023 የወጣ ጥናት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተገጠመ የሙቀት መለኪያ የሐሩር ደኖችን አናት ተመልክቶ ነበር። የቅጠል የፎቶሲንተሲስ ማሽን መበላሸት የሚጀምረው በአማካይ 46.7 ዲግሪ ላይ ነው። አሁን በዓመት ውስጥ ያንን ጣሪያ የሚያልፉት ቅጠሎች 0.01 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ትንሽ ነው። ግን ድርቅ ያንን ቁጥር ወዴት እንደሚገፋው መገመት አይከብድም።

ቅጠል ቆጣሪ፦
ኧረ ይሄን ከፊዚክስ በኩል አስቤው አላውቅም። እሺ፣ የመጀመሪያው ስላይድ ተቀየረ። አረንጓዴው ነገርስ?

ሥሩ ጥልቅ፦
ልጄ፣ አረንጓዴው ነገር የብዙ ዓመት ጭቅጭቅ ነው፣ እኔም በጊዜው በደንብ ተከታትዬዋለሁ። አጠር አድርጌ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ በጋንና ድርቅን ለይተሽ ያዢ። ብዙ ዝናብ በሚያገኘው የአማዞን ክፍል፣ በመደበኛ ዓመት፣ ደኑን የሚያጥረው ውሃ አይደለም። ብርሃን ነው። በክረምቱ ደመና ሰማዩን ይሸፍነዋል፣ ዛፎቹ ውሃ ላይ ቆመው ብርሃን ይራባሉ። በጋ ሲመጣ ሰማዩ ይከፈታል። ዛፎቹም አሮጌ ቅጠላቸውን አራግፈው አዲስ ያወጣሉ፣ አዲስ ቅጠል ደግሞ ከአሮጌው የተሻለ ይሠራል። ውሃውን ከየት አመጡት ብትዪ፣ ከጥልቅ። በምሥራቅ አማዞን አፈሩ ተቆፍሮ ሲታይ የዛፎች ሥር ከ8 ሜትር በታች ወርዶ ተገኝቷል። ሌሊት ላይ ደግሞ አንዳንድ ሥሮች ከታች የሳቡትን ውሃ ወደ ላይኛው ደረቅ አፈር ይለቁታል፣ ለማግስቱ ቀን። ይሄን ሳነብ ሁሌም ይገርመኛል።

ስለዚህ በበጋ መለምለም አለ፣ እሱ ዛሬ ብዙም አያከራክርም። ክርክሩ ከ2005ቱ ድርቅ ጋር የመጣ ነው። በ2007 የወጣው ጥናት በድርቁም ለምልሟል አለ። በ2010 ሌሎች ያንኑ የሳተላይት መረጃ በደመናና በጭስ የተበከለውን አጣርተው ሲያዩት ልምላሜውን አላገኙትም። በ2014 ደግሞ ሌሎች መጥተው የበጋውንም ልምላሜ ተጠራጠሩ፣ የፀሐይዋና የሳተላይቱ ማዕዘን ሲቀያየር ጥላው ስለሚያንስ ደኑ የለመለመ ይመስላል አሉ። የዝናብ ልጅ ስለ መነጽር ያለው ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ ያልተሳሳተው።

የኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ የቅጠል ቀለም የገቢ ምልክት ነው፣ ያውም በግምት። የወጪውን አይነግርሽም። ደረሰኙን ሳታዪ የሰውን ኑሮ በልብሱ እንደመገመት ነው።

ተጠራጣሪው፦
"ወጪ" ያሉት ምኑን ነው? ዛፍ ምን ያወጣል?

ሥሩ ጥልቅ፦
ብዙ ያወጣል ወንድሜ። ዛፍ በፎቶሲንተሲስ ከሠራው ስኳር ከግማሽ በላዩን፣ በአማዞን ብዙ ቦታ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን፣ ራሱ ያቃጥለዋል። ሥሩን ለመመገብ፣ ግንዱን ለመጠገን፣ ቅጠሉን በሕይወት ለማቆየት። እንደኛው ይተነፍሳል። አዲስ ቅጠል፣ እንጨት፣ ሥርና ፍሬ የሚሆነው የተረፈው ነው። ከዚያ ላይ የተባይ መከላከያ ኬሚካሎችም አሉ፣ ርካሽ አይደሉም።

እንግዲህ ገቢው ሲቀንስ ዛፉ ምን ይቆርጣል? የ2010ሩ ድርቅ አማዞንን ሲመታ እድለኛ አጋጣሚ ነበር (ለደኑ ሳይሆን ለተመራማሪዎቹ)። በብራዚል፣ በፔሩና በቦሊቪያ በሚገኙ የደን ቦታዎች ላይ የእያንዳንዱን ገቢና ወጪ በየወሩ የሚለኩ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። ድርቁ በመታቸው ቦታዎች ፎቶሲንተሲስ ወረደ። እድገት ግን ብዙም አልወረደም! ዛፎቹ እድገታቸውን ጠብቀው የቆረጡት የጥገናውን ወጪ ነው፣ ምናልባትም የመከላከያውን። በተለይ ላይኛው ቅጠል ላይ አፈሰሱት፣ ሥር ላይ ቆጠቡ።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ደን ውስጥ ዛፍ ጎረቤቱ ጥላ እንዳይሆንበት ይሯሯጣል። ለአንድ ዓመት እድገት ካቆመ ሌላው ይቀድመዋል። ስለዚህ ቤቱ ጣራው እያፈሰሰ አዲስ ፎቅ እንደሚሠራ ሰው ነው። የሞቱት ዛፎች ቁጥር ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ በድርቁ ዓመት ሳይሆን በተከታዮቹ ዓመታት ነው። ዕዳው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ቅጠል ቆጣሪ፦
ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ! ስለዚህ ዛፎቹ በረሃብ ነው የሚሞቱት ማለት ነው? ስኳር አልቆባቸው?

ተጠራጣሪው፦
እዚህ ላይ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄ በጣም የተለመደ መደምደሚያ ነው፣ ስህተትም ነው።

በብራዚል ፓራ ግዛት ካሺዋና የሚባል ደን ውስጥ በ2002 አንድ ሙከራ ተጀመረ። 1 ሄክታር ደን ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የፕላስቲክ ጣራ ዘረጉ። ከሚወርደው ዝናብ ግማሽ ያህሉ አፈሩ ጋ ሳይደርስ በቦይ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ሰው ሠራሽ ድርቅ። ከ13 ዓመት በኋላ ደኑ ከመሬት በላይ ካለው ክብደቱ 40 በመቶ ገደማ አጥቶ ነበር። ከሁሉ በላይ የሞቱት ግዙፎቹ ናቸው።

ከዚያ የስኳርና የስታርች ጥሪታቸውን ለኩ። ለድርቅ ተጋላጭ በሆኑት ዝርያዎች እንኳ ጥሪቱ ከጎረቤቱ መደበኛ ደን ብዙም አልጎደለም። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሰውየው ሞቷል። የገደላቸው የቧንቧ ችግር ነው። ውሃ በዛፍ ውስጥ የሚወጣው ከላይ እየተጎተተ ነው፣ እንደተወጠረ ክር። አፈሩ ሲደርቅና አየሩ ሲጎትት ክሩ ይበጠሳል፣ ቧንቧው ውስጥ የአየር አረፋ ይገባል፣ ያ ቧንቧ ከእንግዲህ ውሃ አያሳልፍም። በቂ ቧንቧ ሲዘጋ ዛፉ ከነስኳሩ ይደርቃል። ረጅም ዛፍ ክሩ ረጅም ነው፣ አናቱም ፀሐይና ነፋስ ላይ ነው። ለዚህ ነው ግዙፎቹ የቀደሙት።

ስለዚህ የኃይል ጉዳይ የምትሉት ነገር ለኔ ሁለተኛ ነው። ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው።

ሥሩ ጥልቅ፦
ካሺዋናን ማምጣትህ ጥሩ ነው፣ እኔም ላነሳው ነበር። ግን "ሁለተኛ" የምትለው ላይ አልስማማም። ዛፉን የገደለው ጥማት ነው፣ ልክ ነህ። ለጥማቱ ግን ምን አጋለጠው? አዲስ ቧንቧ መሥራት ስኳር ይበላል። ጥልቅ ሥር ማውረድ ስኳር ይበላል። ሥር ላይ የቆጠበው ዛፍ በሚቀጥለው ድርቅ ውሃ ከየት ሊያመጣ ነው?

ሌላም አለ። እዚያው ካሺዋና ውስጥ በድርቁ ክፍል ያሉት ተጋላጭ ዝርያዎች ቅጠላቸው የሚያቃጥለው ስኳር ቀነሰ እንዳትል፣ ጨመረ!

ተጠራጣሪው፦
ቆይ ቆይ። ቅድም በ2010ሩ ድርቅ የጥገና ወጪ ቀነሰ ብለው ነበር። አሁን ጨመረ ይላሉ። የቱን እንመን?

ሥሩ ጥልቅ፦
ሁለቱንም። አንደኛው የአንድ ድርቅ ጉዳይ ነው፣ ጥቂት ወራት፣ ደኑን በሙሉ ደምረህ። ሌላው ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ድርቅ ነው፣ ያውም ቅጠል ብቻ፣ ያውም በተወሰኑ ዝርያዎች። በአጭር ችግር ወጪ ትቆርጣለህ። ለዓመታት ሲቆይብህ ግን በችግር ውስጥ መኖር ራሱ ወጪ ይሆናል፣ የተጎዳ ቅጠል ጥገናው ይበዛል። ይሄ የኔ አነባበብ ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል። ለገለጻ የምትጠቀሚበት ከሆነ ግን "ድርቅ አተነፋፈስን ይቀንሳል" ወይም "ይጨምራል" ብለሽ በደፈናው እንዳትጽፊ ልጄ። የስንት ጊዜ ድርቅ? የትኛው የዛፉ ክፍል? ብለሽ ጀምሪ።

ባለካልኩሌተር፦
ሙቀትም እዚያ ላይ ይደመራል። አተነፋፈስ ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል፣ ሌሊትም አያርፍም። ኮስታሪካ ውስጥ ላ ሴልቫ በሚባለው ጣቢያ ለረጅም ዓመታት ዛፍ ሲለኩ፣ ሌሊቱ ሞቅ ባለበት ዓመት ዛፎቹ ያደጉት ያነሰ ሆኖ ነው ያገኙት። ድርቅና ሙቀት ደግሞ አብረው ነው የሚመጡት፣ በነጠላ አይመጡም።

የዝናብ ልጅ፦
የካሺዋናው ደን መጨረሻው ምን ሆነ? አለቀ?

ተጠራጣሪው፦
አላለቀም፣ አስገራሚው ይሄ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በ2025 የወጣው ውጤት እንደሚለው ደኑ ከክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አጥቶ ተረጋጋ። የተረፉት ዛፎች ከመደበኛው ደን ዛፎች የበለጠ አልተጠሙም። ተወዳዳሪዎቻቸው ስለሞቱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ውሃ በቃ። ውሃው ግማሽ ነበር፣ ተጠቃሚውም ቀነሰ። ግን ያ ደን የበፊቱ ደን አይደለም። አነስ ያለ ነው። ሙከራው ደግሞ አየሩን አላሞቀም፣ እሳትም የለበትም፣ እሱን አትርሱ።

ጉንዳን ወዳጅ፦
እስካሁን ሁላችሁም ስለ ዛፍ ብቻ ነው የምታወሩት። ደን እኮ ዛፍ ብቻ አይደለም! ዛፉ ከሠራው ኃይል አብዛኛው በእንስሳ አፍ አይገባም፣ ረግፎ መሬት ላይ ነው የሚበላው። ፈንገስ፣ ባክቴሪያና ምስጥ። ድርቅ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ፈንገስና ባክቴሪያ እርጥበት ይፈልጋሉ። የረገፈው ቅጠል ሲደርቅ ሥራ ያቆማሉ፣ ኃይሉ መሬት ላይ ተከምሮ ይቀራል። ምስጥ ግን የራሱን እርጥበት ይዞ ነው የሚዞረው። ከአፈርና ከምራቅ የተሠራ መሸፈኛ ሠርቶ በዚያ ውስጥ ይሄዳል፣ ከታች ውሃ ያመጣል። ቦርንዮ ደሴት ላይ፣ በሳባህ ማሊያው በሚባለው ደን፣ ምስጥ ከአንዳንድ ቦታዎች ላይ በመርዝና በማጥመጃ ተቀንሶ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ነበር። በዚያ መሀል የ2015/16ቱ የኤልኒኖ ድርቅ መጣ። ምን ሆነ? ምስጥ ባልተነካባቸው ቦታዎች የምስጡ ብዛት በድርቁ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቅጠሉ ቶሎ በሰበሰ፣ አፈሩ እርጥበቱን ይበልጥ ያዘ፣ የችግኞች የመትረፍ ዕድል ደግሞ ምስጥ ከተቀነሰባቸው ቦታዎች በ51 በመቶ በለጠ።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። በደህና ዓመት ፈንገሱ ሥራውን ስለሚሸፍነው የምስጡ ውለታ አይታይም።

ቅጠል ቆጣሪ፦
ምስጥ ቤት የሚያፈርስ ተባይ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ጉንዳን ወዳጅ፦
ሰዎች ቤታቸው እንጨት ስለሆነ፣ እንጨት በልተው የሚኖሩትን ምስጦች ይከሷቸዋል።

ዝምተኛዋ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እንስሳቱ ጋ የሚደርሰው ኃይል በፍሬ በኩል ስለሆነ ነው።

ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ የሚባል ደሴት አለ፣ የስሚዝሶኒያን የምርምር ጣቢያ ያለበት። እዚያ በኤልኒኖ ዓመት ድርቁ ይጠናል፣ ፀሐይ ይበዛል። ትጠብቁ የነበረው ፍሬ መጥፋቱን ነው አይደል? ተቃራኒው ነው። ፍሬ ይትረፈረፋል። ዛፎቹ ብርሃኑን ያገኙታል፣ ያላቸውን ሁሉ ፍሬ ላይ ያፈሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጣዩ በጋ ዝናባማና ደመናማ ሲሆን፣ ዛፎቹም ጥሪታቸውን ስላሟጠጡ፣ ፍሬ ይጠፋል። በ1970 እንደዚያ ሆኖ ጦጣዎቹና አጉቲ የሚባሉት የአይጥ ዘመዶች በረሃብ ረግፈዋል። እንስሳት በደረቁ ዓመት ጠገቡ፣ በእርጥቡ ዓመት ተራቡ። ድርቅ ማለት ረሃብ ነው ብሎ ለለመደ ሰው ተቃራኒ ነው፣ ለኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ሁሉም ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም። ጋቦን ሎፔ በሚባለው ፓርክ ከ1986 ጀምሮ ዛፎችን በየወሩ እየቆጠሩ ነበር። እስከ 2018 ድረስ ፍሬ በ81 በመቶ ቀነሰ። የደን ዝሆኖቹም ከ2008 ወዲህ ሲታዩ ከስተዋል። እዚያ ምክንያቱ አንድ ድርቅ አይደለም፣ ቀስ እያለ የመጣ ሙቀትና የዝናብ መቀነስ ነው። አንዳንድ ዛፎች ለማበብ ቀዝቃዛ ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ምልክቱ አይደርሳቸውም።

ሥሩ ጥልቅ፦
እህቴ ዝምታሽ አልጠቀመንም፣ ቶሎ ቶሎ ጻፊ። የባሮ ኮሎራዶው ታሪክ እኔ ቅድም ዕዳው ዘግይቶ ይመጣል ያልኩትን በእንስሳ በኩል ነው የሚያሳየው።

የዝናብ ልጅ፦
እኔ የምለው፣ እሺ አማዞን፣ ቦርንዮ፣ ጋቦን፣ ፓናማ። ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚያደርገው። ታዲያ "የሐሩር ደን" ብሎ አንድ ነገር መናገር ይቻላል?

ተጠራጣሪው፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ። የ2015/16ቱ ኤልኒኖ ለዚህ መልስ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ሳተላይት በዚያን ጊዜ ላይ ስለነበረ ሦስቱን አህጉሮች ለየብቻ ማየት ተቻለ። ሐሩር አካባቢዎች በድምሩ በ2011 ከለቀቁት በ2.5 ቢሊዮን ቶን የበለጠ ካርቦን ለቀቁ። ምክንያቱ ግን በየቦታው ይለያል። ደቡብ አሜሪካ ደረቀ፣ ፎቶሲንተሲስ ወረደ፣ ገቢ ቀነሰ። አፍሪካ ሞቀ፣ መበስበስና አተነፋፈስ ጨመረ፣ ወጪ ናረ። እስያ ውስጥ ደግሞ በተለይ ኢንዶኔዥያ ተቃጠለ፣ ጥሪቱ ራሱ ጠፋ። በአንድ ክስተት ሦስት ዓይነት ኪሳራ።

ከዚያ ላይ የአፍሪካን ደን ውስጥ ዛፍ በዛፍ የለኩ ሰዎች በ2021 እንዳወጡት፣ ያልተነኩት የአፍሪካ ደኖች ያንን ኤልኒኖ በሚገርም ሁኔታ ተቋቁመዋል፣ ካርቦን መሰብሰባቸውንም አላቆሙም። ከሌሎቹ ደረቅ የአየር ንብረት የለመዱ ናቸው የሚል ማብራሪያ ይሰጣሉ።

ሥሩ ጥልቅ፦
በአንድ ደን ውስጥም ይለያያል። ኮረብታ ላይ ያለውና ሸለቆ ውስጥ ያለው አንድ ድርቅ አይደርሳቸውም። አማዞን ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ የሆነበት ሰፊ መሬት አለ፣ እዚያ ዛፎቹ በመደበኛው ዓመት ሥራቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ አየር ያጥራቸዋል። መጠነኛ ድርቅ ሲመጣ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ሥር ይተነፍሳል፣ አንዳንዴ እድገታቸው ይጨምራል። ግን ሥራቸው አጭር ስለሆነ ድርቁ ከጠና መሄጃ የላቸውም።

ባለካልኩሌተር፦
እሳቱን ተጠራጣሪው ስላነሳው አንድ ነገር። ያልተነካ እርጥብ ደን አይቃጠልም፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ። ድርቅ ሲመጣ ዛፎች ቅጠል ያራግፋሉ፣ ጣራው ይከፈታል፣ ፀሐይዋ መሬት ድረስ ትወርዳለች፣ የረገፈው ይደርቃል። ከዚያ ከእርሻ ወይም ከግጦሽ የመጣ እሳት ይገባል። ነበልባሉ ብዙ ጊዜ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ነው፣ አስፈሪ አይመስልም። ግን የነዚህ ዛፎች ቅርፊት ስስ ነው፣ እሳት አይተው አያውቁም። ለዓመታት ተጠራቅሞ ቀስ ብሎ ሊለቀቅ የነበረ ኃይል በሰዓታት ያልቃል።

ሌላው የላቡ ጉዳይ ነው፣ ወደ መጀመሪያዬ ልመለስና። አማዞን ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነው ከዚያው ደን የተነነ ውሃ ነው ተመልሶ የሚወርደው። ነፋሱ ከአትላንቲክ ወደ ምዕራብ ይዞት ይሄዳል። ምሥራቁ ላቡን ሲያቆም የምዕራቡ ደመና ይቀንሳል። አንዱ ደን ራሱን ለማዳን ቀዳዳውን ሲዘጋ የጎረቤቱን ዝናብ ዘጋ ማለት ነው።

ቅጠል ቆጣሪ፦
እሺ፣ ልብ በሉልኝ፣ በአንድ ስላይድ ልገላገለው ያልኩት ሰው ነኝ። አሁን 9 ሆነዋል።

የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ካሺዋና ውስጥ ስለሞቱት ግዙፍ ዛፎች እያሰብኩ ነው። እነሱ ውስጥ የነበረው ኃይልስ? እሳት ካልነካቸው የት ነው የሚሄደው?

ጉንዳን ወዳጅ፦
ይሄን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቅ ስጠብቅ ነበር። የትም አይሄድም፣ በአንድ ጊዜ ማለቴ ነው። ጠንካራ እንጨት ያለው ግዙፍ ግንድ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ይበሰብሳል። ፈንገሱ፣ ጥንዚዛው፣ ምስጡ ቀስ እያሉ ይበሉታል፣ እነሱን ደግሞ ወፉና ጉንዳን በል እንስሳው ይበላል። ስለዚህ ድርቁ ካለፈ በኋላ ያለው ደን ለጊዜው በሁለት መንገድ ነው የሚኖረው። ላይ ላይ ያነሰ አረንጓዴ ገቢ አለው፣ ታች ደግሞ ከሞቱት ግዙፎች የሚወጣ ቡናማ ገቢ። ያ ግንድ ሲያልቅ ግን በቦታው የሚተካው ዛፍ ገና ቀጭን ነው። ሳተላይት ደግሞ ክፍተቱ ላይ ተሻምተው የበቀሉትን ወጣት ቅጠሎች አይቶ አረንጓዴ ነው ይልሻል።

ቅጠል ቆጣሪ፦
10 ሆኑ። የወደቀ ግንድ ፎቶ ከፊት አድርጌ ነው የምጀምረው፣ የባለካልኩሌተርን 10 ማሞቂያዎች ደግሞ ሁለተኛው ላይ እሥላቸዋለሁ፣ "አንድ ዛፍ በቀን 20 ኪሎዋት" ብዬ።

ባለካልኩሌተር፦
አይ! በቀን 200 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 20 ኪሎዋት የማሞቂያዎቹ አቅም ነው፣ በ10 ሰዓት ሲባዛ ነው 200 የሚሆነው። እባክሽ እሱን ሳታስተካክዪ እንዳትወጪ፣ ሁሌም አንድ ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ከኋላ ወንበር ይቀመጣል።